ማየት መቻል ፈቃድ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፣ ዛሬ የምንነጋገረው በየኪሳችን ስለምንይዘው ስልክና በውስጡ ስለሚቀመጠው የይለፍ ቃል ነው። «በስልክ ውስጥ የተደበቀ ፓስዎርድ እንዴት ይታያል?» የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች በብዛት ሲዘዋወሩ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ የረሳነውን የራሳችንን የይለፍ ቃል እንድናገኝ የሚረዱ ናቸው፤ እነዚህ የሚነቀፉ አይደሉም። ሌሎቹ ግን የእጮኛን፣ የትዳር ጓደኛን ወይም የባልንጀራን ስልክ ከፍቶ የተቀመጠውን ማንበብን እንደ ብልኀት ያስተምራሉ። ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ «የሚደብቀው ክፉ ነገር ከሌለው ለምን ይደብቃል?» ይላሉ።

ይህ አባባል በእኛም መካከል እንደ ቁም ነገር ሲነገር ይሰማል። «ክርስቲያን ምሥጢር የለውም» ብለው መንፈሳዊ ልብስ የሚያለብሱትም አሉ። እኔ ግን አባባሉ ሐሰት ነው፣ ቤተሰብንና ማኅበርንም ያፈርሳል እላለሁ። ምክንያቴን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ እናንተም በማስተዋል መርምሩት።

የይለፍ ቃሉ የት ተቀመጠ?

አስቀድመን የነገሩን አሠራር እንወቅ። በአንድ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ስንከፍት የምናስገባው የይለፍ ቃል፣ ሥራውን በሚገባ በሚሠራ ድርጅት ዘንድ እንዳለ አይቀመጥም። ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይለወጥና ከስሌቱ የተገኘው ውጤት ብቻ ይቀመጣል። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ስንል የቀድሞውን የማይነግሩን፣ ይልቁንም አዲስ እንድናወጣ የሚያደርጉን ስለዚህ ነው። ድርጅቱ ራሱ እንኳ ቃሉን እንዳያውቀው ተደርጎ ተሠርቷል።

ስልካችን ግን ከዚህ ይለያል። «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቀናል፤ ከፈቀድንለት በሌላ ጊዜ በእኛ ፈንታ መጻፍ ስላለበት ተመልሶ ሊነበብ በሚችል መንገድ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በጉግል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ይገኛል፤ በክሮም ሴቲንግ በኩልም ይደረስበታል። በአይፎን ቀድሞ በሴቲንግ ውስጥ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ግን ራሱን የቻለ መተግበሪያ ሆኗል። በነጠብጣብ የተሸፈነውን ቃል ለማየት ብዙውን ጊዜ የስልኩን መክፈቻ ማስገባት ይበቃል። የዋይፋይ የይለፍ ቃልም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ ለሌላ ሰው በኪውአር ኮድ እንዲተላለፍ ያደርጋል፤ አይፎንም እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 16ኛው እትም ጀምሮ የተቀመጠውን ያሳያል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የስልኩን መክፈቻ አራት ወይም ስድስት አኃዝ ያወቀ ሰው፣ በስልኩ ውስጥ የተከማቹትን ቁልፎች ሁሉ በእጁ አስገብቷል ማለት ይቻላል። ሌቦችም ይህን ተረድተው፣ ሰው አኃዙን ሲነካ ከትከሻው በላይ አይተው ስልኩን ይነጥቁ ጀመር። ስለዚህ አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አንድ ጥበቃ ጨመረ፤ ጥበቃው ሲበራ፣ ስልኩ ባለቤቱ ከሚያዘወትራቸው ቦታዎች ውጭ ከሆነ የይለፍ ቃላቱን ለማየት ፊት ወይም የጣት አሻራ ግድ ይሆናል። ነገር ግን ይህ የተሠራው ለመንገድ ሌባ ነው። በአንድ ማዕድ የሚበላውን፣ አኃዙን በመተማመን የተነገረውን ሰው ይህ ጥበቃ አይመልሰውም። እርሱን የሚመልሰው ኅሊናው ነው። የዛሬው ሙግቴም ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን ከዚህ ኅሊና ጋር ነው።

የተሸፈነ ሁሉ ክፉ ነውን?

«የሚደብቅ ሰው ክፉ ሠርቶ ነው» የሚል ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጣና ይመልከት። ታቦቱ የሚሸፈነው፣ መቅደሱ በመጋረጃ የሚጋረደው በውስጡ ክፉ ነገር ስላለ ነውን? ጌታችን ምጽዋታችንን ከግራ እጃችን እንኳ እንድንሠውር፣ ጸሎታችንንም ደጃችንን ዘግተን እንድናቀርብ ያስተማረን (ማቴ. 6፥3-6) ምጽዋትና ጸሎት ነውር ስለሆኑ ነውን? አይደለም። ክብር ያለው ነገር ይሸፈናል። የቆሰለም ነገር እስኪድን ድረስ ይሸፈናል።

ምሥጢረ ንስሐን አስቡ። ምእመኑ ለንስሐ አባቱ የነገረውን ካህኑ ለማንም ሳይናገር ወደ መቃብር ይዞት ይወርዳል። ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ከእኛ መካከል ማን ቀርቦ ይናዘዝ ነበር? ዛሬ ደግሞ በውጭ አገር የሚኖር ብዙ ወገናችን ከንስሐ አባቱ ጋር የሚገናኘው በስልክ ነው። በመልእክት ቀጠሮ ይይዛል፤ ጭንቀቱን ጽፎ ምክር ይጠይቃል። የዚህን ሰው የይለፍ ቃል አይቶ መልእክቱን የሚያነብ ሰው፣ ንስሐ ከሚገባ ሰው ጀርባ ቆሞ ጆሮውን ከጣለ ሰው በምን ይለያል?

ደግሞም በአንድ ስልክ ውስጥ ያለው ምሥጢር የስልኩ ባለቤት ብቻ አይደለም። ሕመሟን ለጓደኛዋ ብቻ የነገረች እኅት በዚያ አለች። የቤቱን ችግር ለወንድሙ የጻፈ አባወራ በዚያ አለ። ገንዘብ ተበድሮ መመለስ ያቃተው፣ ከአረብ አገር ለእናቷ የማትነግረውን መከራ ለእኅቷ የምትነግር ልጅ፣ ሁሉም በዚያ አሉ። አንተ «የእጮኛዬን ስልክ ነው ያየሁት» ትላለህ፤ ያየኸው ግን ስምህን እንኳ የማያውቁ፣ ፈቃዳቸውንም ያልሰጡህ ሰዎች ገመና ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር

በቀድሞው ዘመን በየመንደሩ ፊደል የቆጠረው ልጅ፣ ብዙውን ጊዜም ዲያቆኑ ወይም የቆሎ ተማሪው፣ ለጎረቤት ሁሉ ደብዳቤ ያነብና ይጽፍ ነበር። የእናት ናፍቆት፣ የባልና የሚስት ኩርፊያ፣ የርስት ክርክር ሁሉ በዐይኑ ሥር ያልፋል። ያነበበውን በየደጁ ቢያወራ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠራው አልነበረም። ማንበብ መቻሉ ባለ ሥልጣን አላደረገውም፤ ይልቁንም ባለ አደራ አደረገው። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ እንኳ «ቤቶች!» ሳይሉና «ይግቡ» ሳይባሉ አለመግባትም ያደግንበት ሥርዐት ነው። ስልኩ ሳይቆለፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መገኘቱ ከተከፈተ በር በምን ይበልጣል?

ከዚህም በላይ የኖኅን ልጆች ታሪክ እናስታውስ (ዘፍ. 9፥20-23)። አባታቸው በድንኳኑ ውስጥ ተራቁቶ ሳለ ካም አየ፤ ወጥቶም ተናገረ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ የኋሊት እየሄዱ፣ ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑት። ካም ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የፈጠረው ሐሰት የለም። ሆኖም መጽሐፍ የሚያመሰግነው የኋሊት የሄዱትን ነው። ታላቁ አባ መቃርስም የወንድሞችን ድካም እያየ እንዳላየ፣ እየሰማም እንዳልሰማ ይሸፍን እንደ ነበር በገዳማውያን አባቶች ዜና ተመዝግቧል። እኛ የእነዚህ አባቶች ልጆች ነን የምንል ከሆነ፣ የነጠብጣብ መጋረጃ ገልጦ የማየት ብልኀት ከየት መጣብን?

ለሚነሡት ተቃውሞዎች

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፤ በመካከላቸው ምን ምሥጢር ይኖራል?» የሚሉ አሉ። ባልና ሚስት ወደው የይለፍ ቃላቸውን ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ ለሕመምና ለድንገተኛ ጊዜም ይጠቅማል። ነገር ግን የተሰጠና የተሰረቀ አንድ አይደለም። አንዱ ሲተኛ ጣቱን ስልኩ ላይ አስነክቶ የሚከፍት የትዳር ጓደኛ አንድነትን አላገኘም፤ አንድነቱ እንደ ተናጋ ራሱ መስክሯል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ፊት ለፊት መጠየቅ፣ ካልሆነም ወደ ንስሐ አባት መሄድ ይገባል። በስርቆት የተገኘ እውነት «እንዴት ዐወቅህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለው ቤቱን አያድንም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ደግሞ ለወላጆቿ የምትጽፈው መልእክት መዳኛዋ ሊሆን ይችላል፤ «ምን ትደብቂያለሽ?» እያለ የይለፍ ቃሏን የሚነጥቃትን ሰው በአንድ ሥጋ ምሥጢር ስም ልናጸድቀው አንችልም።

በእጮኝነት ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ «ከወደድሽኝ ፓስዎርድሽን ስጪኝ» የሚለውን ንግግር ፍቅር አትበሉት። ገና በቅዱስ ቁርባን ሳይጋቡ የሌላውን ሕይወት ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው፣ ከተጋቡ በኋላ ምን እንደሚጠይቅ አስቡ።

ወላጆች ደግሞ «ልጆቻችንን መጠበቅ የለብንምን?» ይላሉ። ይገባችኋል፤ ሕፃን ያለ ጠባቂ ስልክ ሊሰጠው አይገባም። ነገር ግን ጥበቃው በግልጥ ይሁን። «ይህን እናያለን፣ ይህን እንወስናለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ጉግል ያዘጋጀው ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው መተግበሪያም ልጁ እያወቀ የሚሠራ ነው። ልጅ ሲያድግ ደግሞ ልጓሙ እየላላ ይሂድ። በስውር የሚሰለል ልጅ የሚማረው ቅድስናን ሳይሆን የተሻለ መደበቂያ መፈለግን ነው።

«ከፍቼ አይቼ ክፉ ነገር አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ልክ ነበርሁ» የሚልም አለ። የጎረቤቱን ቤት ሰብሮ ገብቶ የተሰረቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ሰባሪነቱ ይቀርለታልን?

ነገሩ የኅሊና ብቻ አለመሆኑንም እወቁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና የመልእክት ልውውጥ ከመደፈር ይጠብቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዐት ወይም ዳታ መድረስን በእስራትና በገንዘብ መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። «ጓደኛዬ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ እያንዳንዳችን የራሳችንን ስልክ እንክፈትና የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት እንይ። የማያስፈልገውን እንሰርዝ፤ በብዙ ቦታ የደጋገምነውን አንድ ቃል እንለያይ። የቴሌብርና የባንክ ምሥጢር ቁጥራችን ከስልኩ መክፈቻ ጋር አንድ አይሁን፤ በትውልድ ዘመናችንም አይሠራ። በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ጥበቃ እናብራ፤ አካውንታችን በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ላይ ክፍት እንደ ሆነም በዝርዝሩ እንመልከት። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ «ላስቀምጠው?» ሲለን «አይ» እንበል።

ሁለተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ክፍሎች አንድ የይለፍ ቃል ለአሥር ሰው ማደልን እናቁም። የቴሌግራም ቻናልም ሆነ የዩቲዩብ ገጽ ለእያንዳንዱ አገልጋይ በየአካውንቱ ሥልጣን መስጠት ያስችላል፤ አገልግሎቱን ሲያስረክብም ሥልጣኑ ይነሣል። እንዲህ ከሆነ ሐሜትና ጥርጣሬ መግቢያ ያጣሉ።

ሦስተኛ፣ መዝሙር እንድታጫውት ስልክ ከተሰጠህ መዝሙሩን አጫውተህ መልስ። ፎቶ እንድታሳይ ከተሰጠሽ ያንኑ ፎቶ ብቻ አሳዪ። የሌላውን የይለፍ ቃል በአጋጣሚ ያወቅህ እንደ ሆነ ዛሬውኑ «ዐውቄዋለሁና ቀይረው» በለው። አይተህ ያነበብከው ካለ ደግሞ ለሌላ አታውራ፤ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ባለቤቱንም ይቅርታ ጠይቅ።

ስልኮቻችን ወደፊት የበለጠ ይጠብቁን ይሆናል። የወንድማችንን ገመና መሸፈን ግን ለፋብሪካ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ከሴምና ከያፌት የተረከብነው የእኛ ድርሻ ነው። የኋሊት እየሄድን የምንሸፍን እንጂ ገልጠን የምንመለከት እንዳንሆን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።