ከስድስት ኪሎ እስከ እንጦጦ ግርጌ የት ይበላል?



እንደሚታወቀው መንገዳችን ረጅም ነው። ከየካቲት 12 ሐውልት ይነሣና ዩኒቨርሲቲውን አልፎ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር ታክኮ፣ ሽሮ ሜዳን ለሁለት ሰንጥቆ እስከ እንጦጦ ግርጌ ይዘልቃል። ደግሞም ዳገት ነው። ከስድስት ኪሎ በእግሩ የተነሣ ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ሆዱ መጮኹ አይቀርም። ታዲያ ይህ ሁሉ መንገድ እያለ፣ እንግዳ የመጣበት ነዋሪ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ እያለ «እባካችሁ ደህና ምግብ ቤት ጠቁሙን፤ እዚህ መንገድ ላይ እኮ የሚበላ የለም» ይለናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰሞኑን ከአባሎቻችን የተወሰኑት ተፈራርመው ባቀረቡት ማመልከቻ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን የተከፈቱት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በጭስና በእጣቢ ውኃ ስላስቸገሯቸው ማኅበሩ እንዲያስነሣላቸው ጠይቀዋል። አንዱ የለም ይላል፤ ሌላው በዛ ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። የሚፈለገው ምግብ ያለው እንዲነሡ በተጠየቁት ቤቶች ውስጥ ነውና።

ብዙ ሰው እንግዳውን ይዞ ቁልቁል ወደ ፒያሳ መውረድ ለምዷል። ልማዱ ዱሮ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ የምናውቃቸው ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን እዚያ ወርዶ የለመደውን ቤት ሲፈልግ ባዶ እጁን የተመለሰ ስንት ሰው አለ። ሽቅብ እንይ ካልን ደግሞ፣ የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ መኪናው በፊታችን ይወጣል፣ አመሻሹ ላይ ይወርዳል። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚቆመው የአገር ልብስ ሊገዛ ነው እንጂ ሊበላ አይደለም። ነጠላውን ገዝቶ፣ ነጠላውን የሠራው ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

«ቤት እያለ ውጭ መብላት ምን የሚሉት ነው» የሚሉ አባቶችና እናቶችም አሉን። እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ይህ ክርክር ከከተማችን ጋር አብሮ የኖረ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ እንደ ነበርና፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ፣ በልተው እየከፈሉ እንዳስለመዱ ሲነገር ኖሯል። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬ ውጭ የሚበላው ደግሞ መኳንንት አይደለም። ሸማኔው፣ ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ የሚመገበው ተማሪ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት ነው። እነዚህ ቤታቸው ሄደው በልተው ልመለስ ቢሉ ቀኑ ያልቃል።

እንግዲህ የት ይበላል? የቤቶች ስም ዝርዝር በዚህ ሰሌዳ ላይ አንለጥፍም። የስንቱን ጽፈን የስንቱን እንተዋለን? ደግሞስ ትናንት ጥሩ የነበረ ቤት ወጥ ሠሪዋ ስትለቅ ዛሬ ሌላ ቤት ነው። ምግብ ቤት ማለት ሰሌዳው ሳይሆን ጓዳ ያለችው ሴትዮ ናት። ስለዚህ ስም ከመንገር አፈላለጉን መንገር ይሻላል ብለናል።

በመጀመሪያ ዓይናችሁን ከአስፋልቱ ላይ አንሡ። የአስፋልት ዳር ቤት ኪራዩ ከባድ ነው፤ ያ ኪራይ የሚከፈለው ከወጡ ላይ ተቀንሶ ነው። በግራም በቀኝም ወደ ውስጥ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ በሉ። በር ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ሁለት ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ የእጅ ውኃ በጀሪካን፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሳትንቁ እዩ። «ሾፌር የሚበላበት ቤት አይጥልም» የሚባል አባባል አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሾፌር መኪና የሚያቆምበት ይፈልጋል፣ ቶሎ የሚደርስለት ይፈልጋል፤ ጣዕሙ ሦስተኛ ነው። እኛ የምናምነው ሸማኔውን ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ እጁ መወርወሪያ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል። የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም የሚመለሰው እዚያው ቤት ነው። አንድ ቀን ያታለለችውን ባለ ቤት ለመቶ ሰው ይነግርባታል። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሸማኔዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተቀመጡበትን ቤት ካያችሁ፣ ቆማችሁም ቢሆን ጠብቁ። ከዶርዜና ከጨንቻ ለመጡት ቆጮ በዳጣ የሚቀርብበት ቤት ካገኛችሁ ደግሞ እናንተም ቅመሱ፤ ዳጣው ግን ለጀማሪ አይራራም።

ሠፈራችን በሽሮ ስም የሚጠራ ነውና ስለ ሽሮ ጥቂት ሳንል አናልፍም። የድሃ ምግብ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። በእኛ አስተያየት ሽሮ የባለሙያ መፈተኛ ነው። የተበላሸ ሥጋ ወጥ በቅቤና በበርበሬ ይሸፈናል፤ ሽሮ ግን መሸሸጊያ የለውም። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ዱቄቱ ከተበተነበት ጥሬ ጥሬ ይሸታል። በችኮላ የወጣ እንደሆነ ውኃው ለብቻው ወደ ዳር ይሸሻል። በደንብ የበሰለ ሽሮ ዘይቱ ጠለል ብሎ ከላይ ይታያል፣ እንጀራው ላይ ሲፈስም ረግቶ ይቀመጣል። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚመጣውን ተጋቢኖ ያዘዘ ሰው ትንሽ ይታገሥ፤ ምላሱን አቃጥሎ ጣዕሙን ሳያውቅ የሚወጣ ስንት አለ።

ዱቄቱ ከምን እንደ ተፈጨም ጠይቁ። ደህና ሽሮ ከአተር ወይም ከሽምብራ፣ አንዳንዴም ባቄላ ተጨምሮበት፣ ተቆልቶና ተከክቶ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌላው ቅመም ጋር የሚፈጭ ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ የሚደባልቁበት አሉ። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ አይጎዳም። ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ አብዝቶ መብላት ግን እግርን ሽባ እንደሚያደርግ በሐኪሞች የተረጋገጠ ነገር ነው። በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ምሳውንም እራቱንም ሽሮ ለሚበላ፣ በእግሩም እየሠራ ለሚያድር ሸማኔ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ቤቷ ሳትቆጣ «አተር ነው፣ ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት» ካለቻችሁ ተቀመጡ። «ምን አገባችሁ» ካለች ሌላ ቤት ሞልቷል።

ስለ እንጀራው ብዙ አንልም። ጤፍ ውድ ስለሆነ ሩዝ ወይም ማሽላ መቀላቀሉ የታወቀ ነው፤ መናገሩ እንጂ መቀላቀሉ ነውር አይደለም። ያደረ እንጀራ ለፍርፍር ይሁን እንጂ ትኩስ ነው ተብሎ አይቅረብልን። ጠዋት ፉል ለሚፈልግ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚሠሩበት ቤት ይሻላል፤ ባቄላውን ሌሊቱን ሲቀቅሉት ነው የሚያድሩት። ፓስቲና ሳምቡሳ ስትገዙ ከፓስቲው ይልቅ ዘይቱን እዩ። እንደ ቡና ከጠቆረ እለፉት።

ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በ55ቱ ቀን በዐቢይ ጾም፣ የበየዓይነቱ ትሪ የቤቱን ንጽሕና ያሳያል። የጾምና የፍስክ ድስት የለየች ሴት ሌላውንም ነገር ለይታ ትይዛለች ብለን እናምናለን። ከእንጦጦ ማርያምና ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ተጠምቀው፣ በባዶ ሆዳቸው ደክመው የሚወርዱ ምእመናንም አሉ። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፣ ዘመድ የላቸውም። ለእነርሱ አጥሚት ወይም ለስለስ ያለ ነገር የምታቀርብ ሴት ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ሠፈራችን መኖሯ ለማኅበራችን ክብር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በነዚህ ትንንሽ ቤቶች ግድግዳ ላይ ወይም ከቡና ረከቦቱ ሥር አንድ ደብተር ይገኛል፤ የዱቤ ደብተር ነው። ሸማኔ ገንዘብ የሚያገኘው በየቀኑ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ገበያው ይደራል፤ በመሀሉ ቀዝቀዝ ይላል። ኩታው ሳይሸጥ በቆየባቸው ሳምንታት የሚበላው በዚያ ደብተር ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዘይቱም፣ የሌላውም ዋጋ እንዴት እንደ ሆነ ሁላችሁም በየቤታችሁ የምታውቁት ነው። በየበሩ በጠመኔ የተጻፈው የምግብ ዋጋ ስንት ጊዜ ተፍቆ እንደ ተጻፈ ሰሌዳው ራሱ ይመሰክራል። እንዲህም ሆኖ ደብተሩ አልታጠፈም። ዱቤ የምትሰጠው ሴት ራሷ ጤፉንና ሽንኩርቱን በዱቤ ነው የምታመጣው። የትኛው ትልቅ ሆቴል ነው ስማችሁን ብቻ ጽፎ የሚያበላችሁ?

ከእነዚህ ሴቶች ውስጥ ዋና መንገድ ዳር ይሠሩ የነበሩ፣ ቦታቸው ለመንገድ ሲፈለግ ወደ ውስጥ የገቡ አሉ። ከዚህም ተነሡ ብንላቸው ወዴት ነው የሚገቡት? ወደ አስፋልቱ እንዳይመለሱ ኪራዩን አይችሉትም። ይዘጋሉ፤ ደብተሩም ይዘጋል። በዚያ ደብተር ላይ ያለባቸውን ዕዳ ሳይከፍሉ ቦታው የጠፋባቸው ሰዎችም ይቸገራሉ እንጂ የሚጠቀሙ አይምሰላችሁ። እንደ ሰማነው ማመልከቻውን ከፈረሙት መካከል ስማቸው በዱቤ ደብተሩ ላይም ያለ አለ። ስም አንጠራም።

ይህን ስንል የአመልካቾቹን ችግር አቃልለን አይደለም። የእጣቢ ውኃ መንገድ ላይ ይደፋል፣ እውነት ነው። በክረምት ጭቃው ላይ ሲጨመር ሕፃናት አንሸራቷቸው ይወድቃሉ። ማለዳ እንጀራ ሲጋገር ጭሱ በመስኮት እየገባ አስም ያለባቸውን አረጋውያን ያስጨንቃል። ይህ መስተካከል አለበት፤ «ድሆች ናቸውና እለፏቸው» የሚለውን አንቀበልም። በእኛ በኩል ያሰብነው፣ ባለ ቤቶቹና ጎረቤቶቹ ተባብረው እጣቢው የሚሄድበትን ቦይ እንዲቆፍሩ፣ ማኅበሩም ለሲሚንቶው የሚሆን ከመዋጮው እንዲያግዝ ነው። ጋገራው ጎረቤት ሳይነሣ በለሊት ከሚሆን ከቀትር በኋላ ቢሆን፣ ምጣዱም ጭስ ማውጫ ቢሠራለት ብዙው ክስ ይቀራል። ምግብ የሚነኩት ሁሉ የጤና ምርመራ ደብተራቸውን ግድግዳው ላይ ይስቀሉ፤ የሌላት እስክታወጣ ድረስ ቡና ብቻ ታፍላ። የምግብ ዋጋም በግልጽ ይጻፍ፤ ለሠፈር ሰው አንድ ዋጋ፣ ለእንግዳ ሌላ ዋጋ የሚባል ነገር አለ ሲባል ሰምተናል፤ ይህ ማኅበሩን ያሳፍራል።

ማመልከቻው በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ይታያል። ከዚያ በፊት የፈረማችሁም ያልፈረማችሁም አንድ አንድ ቀን ምሳችሁን በውስጥ መንገዱ ብሉና፣ ያያችሁትን ደግም ሆነ ክፉ ጽፋችሁ አምጡ። መጻፍ የማይመቸው በቃል ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን። ደብተሩ ከጥበቃው ዘንድ ይገኛል፤ እስክሪብቶ ግን ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ