ክረምት ላይ የመጣ ገበያ

ገበያ ሲጠፋ መካሪው ብዙ ነው። ገበያ ሲያጥለቀልቅ ግን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ያልፋል። ብቻውን የሚሠራን ሰው ቶሎ የሚያጎብጠው ይኼ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ወሰን ላይ፣ በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ። ሠራተኛ የላቸውም። ባለፈው ክረምት በርበሬ ሲያምሱ የእህታቸው ልጅ በስልኳ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ከአያት፣ ከጀሞ፣ «ሻንጣ የሚይዝልን ሰው አግኝተናል» ከሚሉ የዋሽንግተን ዘመዶቻችን ሳይቀር ትእዛዝ ጎረፈ። ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ በቴሌብር ቀብድ የሚልክ ነበር። ልጅቷ «እትዬ፣ አገሩ ሁሉ እርስዎን ነው የሚፈልገው!» ትላለች፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ቆመው ከተራራው የሚወርደውን ጉም ያያሉ።

ጉሙን ማየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛላው ተቀንጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከተሸረከተ በኋላ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ ያድራል፤ ከዚያም ዳግመኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ኮረሪማው፣ ድንብላሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ ለየብቻ ይታመሳል። ወፍጮ ቤት የሚኬደው መጨረሻ ላይ ነው። ባለሙያ ሴት ይህን ሥራ በበጋ የምትጨርሰው ወዳ አይደለም። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ጉበት ይጎዳል። «የኔ ልጅ፣ ፀሐይ በቴሌብር አይላክ» አሏት።

መካሪ አልጠፋም፤ «ሰው ይቅጠሩ» ተባሉ። ደንበኛው የመጣው ግን የእሳቸውን እጅ ብሎ ነው፤ የሳምንት ቅጥረኛ ይህን እጅ ከየት ታመጣዋለች? የባሰውን ምክር የሰጠው ሌላ ነው፦ ከገበያ የተፈጨ ገዝቶ መቀላቀል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ስንቴ ሲያዝ በዜና ሰምተናል! የብዙ ዓመት ስም በአንድ ከረጢት ሊጠፋ።

ጎረቤቴ የቀብዱን ገንዘብ መለሱ። ልጅቷን «አልቋል፤ ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ስትወጣ» ብለሽ ጻፊ አሏት፤ የሚቀጥለውንም ዋጋ ከፍ አደረጉ። ኩራተኛ ያላቸው አለ፣ የሰደባቸውም አለ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የንግድ ውሳኔ በቅርቡ አላየሁም። የሰው ገንዘብ ይዞ ቀን መቁጠር እንቅልፍ ይነሳል፤ ዋጋ መጨመርም ነውር አይደለም። ሺህ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ በድሮው ዋጋ የሚሸጥ ሰው የሚያተርፈው ድካም ብቻ ነው።

«ዕድል በር ስታንኳኳ ያልከፈተ» የሚሉኝ ይኖራሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ የማውቃቸው ልብስ ሰፊዎች ሌሊቱን ሙሉ ጭምብል ሰፉ። በእጃቸው ባለው ጨርቅ የሠሩት አተረፉ። ገበያው እንዲሁ የሚዘልቅ መስሏቸው በብድር ጨርቅ ያከማቹት ጨርቁም ዕዳውም እጃቸው ላይ ቀረ። ቲክቶክም ቢሆን የሚታመን ገበያ አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ከቴሌግራም፣ ከፌስቡክና ከዩቲዩብ ጋር ተገድቦ ነበር። ያኔ የደንበኛን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ የያዘ ሰው ሥራውን ቀጠለ።

ስለዚህ ቪዲዮ አይታችሁ ለምታዝዙ አንድ ልመና አለኝ። አልቋል ስትባሉ ስማችሁን አስመዝግቡና ጠብቁ። ቀብድ በግድ አትላኩ፣ «ትንሽ እንኳ አይጠፋም» ብላችሁም አታስጨንቁ። ጥሩ በርበሬ ከጥቅምት በኋላ ይደርሳል።