ስለ ሞት መነጋገር ሟርት አይደለም

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ፤

ባለፈው ወር የሰፈራችን ወጣቶች በእድሩ አዳራሽ አጭር ቴአትር ማሳየታቸው የሚታወስ ነው። ታሪኩም አንዲት በጽኑ የታመመች እናት ስለ መሞቷ ልትነጋገር ስትፈልግ ልጆቿ ወሬ እያስቀየሩ እንዴት ዝም እንዳሰኟት የሚያሳይ ነበር። ቴአትሩ ሲያልቅ ሰው ወደየቤቱ ሳይሄድ ቁጭ ብሎ ስለ ሞት ሲነጋገር አመሸ። ኮሚቴውም ይህ ውይይት በየሦስት ወሩ ይቀጥል የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ፣ አንዳንድ አባላት «ሟርት ነው፣ ባህላችንም አይደለም፣ አዳራሹ ይከልከላቸው» ሲሉ አቤቱታ አስገብተዋል። እንደ ጸሐፊነቴ አቤቱታውን በመዝገብ አስፍሬአለሁ። እንደ አባልነቴ ግን መልስ አለኝ።

በመጀመሪያ፣ ሟርት ነው ለምትሉት። የእኛ ማኅበር እድር አይደለም እንዴ! በየወሩ የምናዋጣው ለሞት ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ጥሩምባውም የተገዛው ለሞት ነው። ገንዘብ ስናዋጣለት ያልመጣ ሞት ስንነጋገር እንዴት ይመጣል? ደግሞስ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚያሳየው ምንን ነው? አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ከመገደላቸው በፊት የነበረችውን የመጨረሻ ሰዓት አይደል? ይህን ሟርት ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። የጀግና ሞት ሲሆን እናጨበጭባለን፣ የጎረቤታችን ሲሆን ጆሮአችንን እንደፍናለን።

ሁለተኛ፣ ባህላችን አይደለም ለምትሉት። አባቶቻችን ሳይናዘዙ መሞትን ይፈሩ ነበር። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ያስጠራል፣ ሙስሊሙም ያለበትን ዕዳ ተናግሮ ይናዘዛል። ይህ ስለ ሞት መነጋገር ካልሆነ ምንድን ነው? መርዶ እንኳ የሚነገረው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ለቀሪው ይህን ያህል እንጠነቀቃለን፣ ለሚሞተው ግን ማን ይጠነቀቃል? ሐኪሙ ያውቃል፣ ቤተሰቡ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፤ የማያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አምና አንድ አረጋዊ ጎረቤታችን ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጃቸው በር ላይ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ አባባ የሚያውቀው ነገር የለም፣ አደራ» አለኝ። ገብቼ ብቀመጥ እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። የምሞት ከሆነ ላስጠራው» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አይዞዎት አባባ፣ ለፋሲካ ተነሥተው አብረን እንገድፋለን» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጥሩምባው ተነፋ። ወንድማቸው ከክፍለ ሀገር የደረሱት ከቀብር በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ «ምነው ሳትጠሩኝ?» እያሉ ሲያለቅሱ ወንበር የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ድራማ ሰው ሲያነጋግር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ስለ ኤች.አይ.ቪ. ይተላለፍ ነበር። በዚያን ጊዜ እኛ ቤት በሽታው በስሙ አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ነበር የሚባለው። እናቴ ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ከሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጠን ነው። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ወደ መርዳት ገቡ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

ዝምታው ለቀሪውም አይበጅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ዳኛ ወይም አዋዋይ ካለበት ሁለት ምስክር ይበቃል። ታዲያ ስለ ሞት አታንሱ በተባለበት ቤት ምስክሩን ማን ይጥራ? ድንኳኑ ሳይነቀል ስንት እኅትና ወንድም ለፍርድ ቤት ሲፈላለግ አይተናል!

በመሆኑም የኮሚቴው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በየሦስት ወሩ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ወጣቶቹ ቴአትር ያሳዩ፣ ውይይትም ይደረግ። ያልፈለገ ሰው አይገደድም።
2ኛ/ ሐዘን የተቀመጠ ጎረቤት እያለ ፕሮግራሙ ይተላለፍ።
3ኛ/ በሽተኛ ሳይጠይቅ ሞትህ ደርሷል ብሎ የሚያስደነግጥ አይኑር። አውቆ ከጠየቀ ግን እንደ እኔ የሚዋሸው አይኑር።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። አቤቱታ ያስገባችሁም ቀርታችሁ በሐሜት ሳይሆን መጥታችሁ በግልጽ ተናገሩ። ተሳስቼ ከሆነ እታረማለሁ፣ ዝም በል ከተባልኩ ግን ዝም አልልም።

የእድሩ ጸሐፊ