በይሉኝታ መርፌ አይወጋም

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ሰው። በሲያትልና በአካባቢዋ አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ሥራ ተሰማርተው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ጥቂት አይደሉም። ሰውነት ያጥባሉ፤ ምግብ ያቀርባሉ፤ መድኃኒት የሚዋጥበትን ሰዓት ያስታውሳሉ። ችግር የሚመጣው እማማ የስኳር በሽተኛ ሲሆኑና ልጃቸው ወደ ሥራ እየሮጠች «እባክሽ እህቴ፣ ኢንሱሊኑን አንቺው ስጪያቸው» ስትል ነው። ሠራተኛዋም የአገሯን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳትና መርፌውን ታነሳለች።

ልጅቱ ለገዛ እናቷ ያለ ክፍያ መርፌ ብትወጋ ሕጉ አይከለክላትም። ከኤጀንሲ ተልካ በደመወዝ የምትሠራ ተንከባካቢ ግን በዋሽንግተን ስቴት ሕግ መሠረት የሬጂስተርድ ነርስ ውክልና ያስፈልጋታል። ኢንሱሊንን በዚህ ዓይነት ውክልና መስጠት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ ነው። ውክልናው ለአንድ በሽተኛ የተሰጠ ስለሆነ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ቤት ይዛው አትሄድም። አስቀድማ ልዩ ኮርስ መውሰድ አለባት፤ ነርሷም አሠራሯን ትቆጣጠራለች።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ «የፈረንጅ ቢሮክራሲ» ይሉታል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ኢንሱሊን መጠኑ ሲበዛ፣ ወይም ምግብ ላልቀመሰ ሰው ሲሰጥ፣ የደም ስኳር በድንገት ወርዶ ራስን ያስታል፤ ለሞትም ያበቃል። እናቶቻችን ደግሞ ሐኪም ቢቆጣም ጾማቸውን በቀላሉ የሚተዉ አይደሉም። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ አስበው እንደሆነ ሳያጣሩ መርፌ መውጋት ደግነት ሊባል አይችልም። አደጋ ቢደርስ ደግሞ «እባክሽ» ያለችው ልጅ ዝም ትላለች፤ ኤጀንሲውም «እኛ አላዘዝናትም» ይላል። ሰርቲፊኬቷና እንጀራዋ አደጋ ላይ የሚወድቀው የሠራተኛዋ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ያው ሕግ ለሠራተኛዋ ጋሻም መሆኑን ነው። ለበሽተኛው ደኅንነት ሰግታ ውክልናውን አልቀበልም ያለችን ነርሲንግ አሲስታንት አሠሪዋ ሊበቀላት አይችልም።

ስለዚህ ሠራተኛዋ ያልተወከለችበትን ሥራ «አልችልም» ማለትን ትልመድ፤ ለነርሷ ትደውል፤ ውክልናውን በጽሑፍ ትያዝ። ኤጀንሲዎችም አይተው እንዳላዩ ማለፋቸውን ትተው ሠራተኞቻቸው ኮርሱን የሚወስዱበትን ጊዜ ይስጡ። ቤተሰብ ደግሞ በ«እህቴ» ስም ሰውን አጣብቂኝ ውስጥ አይክተት። የኮሚኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም ይህንን ሕግ በየቋንቋችን ቢያስረዱ ትልቅ ውለታ ነው።

ነርስ እስክትመጣ መጠበቅ ያሳፍር ይሆናል፤ እማማን ቀብሮ ከመመለስ ግን ይሻላል።