ከደመወዝ የተረፈው

የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ለማየት ብዙ መቀመጥ አያስፈልግም። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰነዱን ያነባሉ፤ አባላት ስለየቀበሌያቸው መንገድና ድልድይ ይጠይቃሉ፤ አስተዳዳሪው የበጀት እጥረት እንዳለ ያስረዳሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ከዚያ ምሳ ነው። ከጸደቀው ገንዘብ ውስጥ ምክር ቤቱ በእርግጥ የወሰነበት ስንቱ እንደሆነ የሚጠይቅ አባል ግን አይገኝም። ቢጠየቅ መልሱ ያሳፍራል። በወረዳ በጀት ውስጥ ለክርክር ክፍት የሆነው ክፍል ሥራ ማስኬጃው፣ ማለትም ከደመወዝ ውጭ ለመድኃኒት፣ ለነዳጅና ለጥገና የሚውለው ገንዘብ ነው፤ ምክር ቤቶቻችን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ሊወያዩበት የሚገባውን ይህን ክፍል ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የተረፈ ፍርፋሪ አድርገውታል። ሕዝቡ ጤና ጣቢያ በር ላይ የሚያጉረመርመው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም የታሰበው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ1994 ዓ.ም. አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ትግራይ ገንዘቡን በጥቅል ድጎማ ለወረዳዎች ማውረድ ሲጀምሩ፣ ወረዳው የራሱን ቅደም ተከተል እንዲያወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወረዳዎች በርካታ መምህራንን ቀጠሩ። በ1995 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ባለሙያዎች ተመደቡ፤ በጠቅላላው ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ማለት ነው። ክትባት የማያውቁ መንደሮች ክትባት አዩ። ይህን ማቃለል አይቻልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጥር በየወሩ የሚከፈል፣ በየጊዜው የሚያድግ፣ የማይቀነስ ወጪ ሆኖ በወረዳው መዝገብ ላይ ሰፈረ። የተቀጠረው ሰው የሚሠራበት ገንዘብ ግን አብሮት አልተቀጠረም።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። አንድ ወረዳ ካለው 100 ብር 88ቱ ደመወዝ፣ 12ቱ ሥራ ማስኬጃ ነው እንበል። ከክልል የሚመጣው ድጎማ በ6 ብር ቢቀንስ በስብሰባው ላይ የሚነገረው «የ6 በመቶ ቅናሽ» ነው፤ የሚከብድ አይመስልም። ደመወዝ ስለማይነካ ግን 6ቱ ብር የሚወጣው ከ12ቱ ነው። ሥራው በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ግን ይህን አይጽፍም። ድጎማው ባይቀንስም ዋጋ ሲንር ያው ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገቡት መድኃኒቱም መለዋወጫውም ነዳጁም ከወረዳው አቅም ራቁ። በ2017 የተደረገው የደመወዝ ጭማሪ ለሠራተኛው የሚገባው ነበር፤ ያውም ዘግይቶ። ነገር ግን ጭማሪውን የሚሸፍን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ የሚከፈለው ከሥራ ማስኬጃ እንደሆነ ማንኛውም የበጀት ባለሙያ ያውቀዋል።

ይህ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንን መውሰድ ይበቃል። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ ሥርዓት ዛሬ በአብዛኛው አገር ተዳርሷል። አርሶ አደሩ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ክልልና ወረዳ ይሸፍኑለታል። ወረዳው ድርሻውን ሲያዘገይ ወይም ሲቀንስ መድኅኑ ለጤና ጣቢያው በወቅቱ አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል። መታወቂያውን ይዞ የመጣው ታማሚ ተመርምሮ፣ ወረቀት ተጽፎለት ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል። አንዴ ለመድኅን፣ አንዴ ለፋርማሲ ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ቢያመነታ «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል! የግንዛቤ እጥረቱ ያለው በጀት ያጸደቀው አዳራሽ ውስጥ ነው። አምቡላንሱም እንዲሁ ነው፤ ሹፌሩ ደመወዙን ያገኛል፣ ለነዳጅ ግን ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ ያዋጣል። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሻን አለው፤ የተበላሸው ፓምፕ ያለበት ቀበሌ የሚያደርሰው አበል ግን የለውም።

ማዳበሪያም አለ። በአንዳንድ ክልሎች ለአርሶ አደሩ በብድር ለሚቀርበው የአፈር ማዳበሪያ መንግሥት ዋስ ይሆናል፤ ብድሩ በወቅቱ ካልተመለሰ ከድጎማ ይቆረጣል፤ ቁራጩም ወደ ወረዳ ይወርዳል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ደመወዝ ለወራት የዘገየባቸው መምህራን ይህን ታሪክ በደንብ ያውቁታል። እዚህ ላይ አይነካም የተባለው ደመወዝም ተነካ።

ጉድለቱን ማን ይሞላል? መዋጮ። ወላጅ ለጥበቃ፣ ለወንበር፣ ለመማሪያ ክፍል ጥገና ያዋጣል፤ መንደሩ ለመንገድ ጠጠር ያዋጣል፤ አሁን አሁን መምህሩም ከደመወዙ ያዋጣል። በፈቃደኝነት ይባላል፤ በቀበሌ መሸኛ ወረቀት ለመውሰድ ሲኬድ ግን ደረሰኝ ይጠየቃል። በመሠረቱ ይህ ግብር ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ምክር ቤት አይወያይበትም፣ ከበጀት ሰነዱም አይገባም። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ይከፍሉታል። መብራትና መንገድ ያለው ቀበሌ የተሻለ ስለሚያዋጣ የተሻለ ትምህርት ቤት ይኖረዋል፤ ድጎማው ሊያጠበው የታሰበውን ልዩነት መዋጮው መልሶ ያሰፋዋል።

የወረዳ ኃላፊዎች «የበጀት ጣሪያው ከላይ ተቆርጦ ይመጣል፣ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የራሱ ገቢ ደመወዙን የሚችል የገጠር ወረዳ ማግኘት ያስቸግራል። የቀን መቁጠሪያውም አያግዝም፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ፌዴራሉና ክልሉ እስኪያጸድቁ ወረዳው ይጠብቃል፣ ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ወንበርና ወረቀት ይገዛል። ነገር ግን አዲስ የጽሕፈት ቤት ሕንጻ ለመጀመር፣ መዋቅር ከፍሎ አዲስ የሥራ ሒደት ለማቋቋም፣ ለበዓልና ለስብሰባ ገንዘብ ሲገኝ ጣሪያው የት ነበር? ያ የወረዳው ውሳኔ ነው።

ሌላም ደስ የማይል ነገር አለ። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወንበር የወሰዱት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ናቸው። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። ድምፄን አጣለሁ ብሎ የማይሰጋ አባል የነዳጁን መስመር ቆጥሮ አስተዳዳሪውን የሚያፋጥጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምርጫ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም። ከ1998 ጀምሮ ለጋሾች የመሠረታዊ አገልግሎቶችን ወጪ በሚደግፉበት ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን በሕዝብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። «ትምህርት ይህን ያህል ሚሊዮን» የሚል ድምር ብዙ አይናገርም። ሰሌዳው ላይ መሆን ያለበት ለአንድ ተማሪ ከደመወዝ ውጭ ስንት ብር እንደተያዘ፣ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ለአምቡላንሱ ነዳጅ፣ ለውኃ ጥገና ስንት እንደተመደበና እስከ ታኅሣሥ ስንቱ እንደተለቀቀ ነው። ምክር ቤቱም በእነዚህ መስመሮች ይጀምር። አዲስ ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አቅራቢው የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት የሥራ ማስኬጃ ከየት እንደሚያመጣ በጽሑፍ ካላሳየ አጀንዳው ለሌላ ስብሰባ ይተላለፍ። አስተዳዳሪዎች አይወዱትም፤ ለሚመረቅ ሕንጻ ሪባን ይቆረጣል፣ ለሚገዛ የፓምፕ መለዋወጫ ግን ካሜራ አይመጣም።