የአቤሜሌክ እንቅልፍ

ከአርዲቦ ሐይቅ ቍልቍል ሲወርዱ በሚገኘው በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉባኤ ዘርግተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ባፈሩበት አገር ተቀምጦ ስለ ጊዜ ልክ የሚጽፍ ሰው፣ የቀደሙት መምህራን ለዚህ ነገር የሰጡትን ክብር ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባውም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዲቱን ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት እየከፈሉ፣ በራብዒትና በኃምሲት አልፈው እስከ ሳድሲት ይደርሳሉ። በዘመኑ ሰዓት ስናሰላው ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሴኮንድ ሲሆን፣ ሳድሲት ግን የሴኮንድ ሁለት ሚሊዮንኛ እንኳ አትሞላም። የሚለኩበት መሣሪያ በእጃቸው ሳይኖር ሐሳባቸው እስከዚያ የዘለቀው፣ ትንሿ ትርፍ ሳትቈጠር የቀረች እንደ ሆነ ውላ አድራ በዓላትንና አጽዋማትን ከቦታቸው እንደምታናውጥ ስለሚያውቁ ነው፤ በየዓመቱ የምትተርፈው 15 ኬክሮስ አይደለችምን በ4 ዓመት አንድ ዕለት ሆና ጳጉሜን 6 የምታደርጋት?

ይህ ጥንቃቄ በዛሬው ዘመን ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው በሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ሆስፒታሉም ቀድሞ ለእያንዳንዱ ሥራ አንዳንድ ኮምፒዩተር ማቆሙን እየተወ፣ በአንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያሳድራል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ሊኑክስ በውስጡ ወርና ዓመት የለውም፤ ያለው በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚጀምር የሴኮንድ ኍልቍ ብቻ ነው፤ ዕለቱንም ወሩንም ዓመቱንም ከዚያ ከአንድ ቍጥር አስልቶ ያወጣል። ስለዚህ ቍጥሩ የተዛባ እንደ ሆነ፣ የተቈረጠው ደረሰኝ፣ ለሕመምተኛው የታዘዘው መድኃኒት፣ የተላለፈው ገንዘብ ሁሉ ሐሰተኛ ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል።

መዛባቱም ከማሽኑ ጠባይ የሚወለድ ነው። በማናቸውም ኮምፒዩተር ውስጥ ሰዓት የሚያስቈጥረው የኳርትዝ ቅንጣት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ከሚሊዮን ክፍል በ20ው ብቻ ቢስት በቀን 1.7 ሴኮንድ ያህል፣ በወር 50 ሴኮንድ ያህል ከእውነተኛው ጊዜ ይርቃል። ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ ያ ቅንጣት እንኳ የራሱ የለውም። አስተናጋጁ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩን ከአንዱ እንግዳ ወስዶ ለሌላው በሚሰጥበት ቅጽበት፣ የተነጠቀው እንግዳ አይሠራም፣ አይሰማም፣ መነጠቁንም አያውቅም። የቀድሞው የሊኑክስ ከርነል ጊዜን የሚያውቀው በሴኮንድ 100 ወይም 1000 ጊዜ በሚደርሰው የሰዓት ምት ስለ ነበረ፣ በተነጠቀበት ቅጽበት የመጡት ምቶች ሳይቈጠሩ እያለፉ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ይህን ለማረም አስተናጋጁ ያለፉትን ምቶች አከማችቶ ኋላ ሲልክለት፣ ከርነሉም በበኩሉ የጐደለውን ገምቶ ሲጨምር፣ አንዱ ዕዳ ሁለት ጊዜ እየተከፈለ ሰዓቱ ወደ ፊት የሚሮጥበት ጊዜም ነበር። ዛሬ ኬቪኤም በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ማሳደሪያ የሚያድር ሊኑክስ ምት መቍጠሩን ትቶ፣ ኬቪኤም ክሎክ በሚባለው ስልት፣ ሁለቱ በጋራ በሚያዩት የማኅደረ ትውስታ ገጽ ላይ አስተናጋጁ የሚጽፍለትን ምልክት ያነባል። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን ስልቱ የሚያድነው ከምት መጥፋት እንጂ ከኳርትዙ ስሕተት ስላልሆነ፣ በእርሱ ብቻ ተማምኖ የሚተኛ ባለሙያ ግማሽ ሥራውን ሳይሠራ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እንቅልፉ ነው። በተረፈ ባሮክ እንደምናነበው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ በዛፍ ጥላ ሥር ቢያርፍ 66 ዓመት ተኛ፤ በነቃም ጊዜ በለሱ ገና ትኵስ ነበርና ጥቂት ያንቀላፋ መስሎት ወደ ኢየሩሳሌም ቢመለስ ከተማዪቱን ለይቶ ማወቅ ተሳነው። ቨርቹዋል ማሽንም መብራት ሲጠፋ ወይም ለጥገና ሲባል ባለበት ተገትቶ ከቈየ በኋላ፣ ወይም ስናፕሾት ከሚባለው የቀድሞ ቅጂው ተመልሶ ሲነቃ፣ በእጁ የያዘው ሁሉ ትኵስ ነውና፣ የሚያርመው ከሌለ የተኛበትን ሰዓት የአሁን ሰዓት አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። በአንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት ክፍያው ሳይፈጸም ደረሰኙ አስቀድሞ የተሰጠ ሆኖ ተመዝግቦ አይቻለሁ፤ ሒሳብ መርማሪዎቹም ገንዘብ ተቀባዪቱን በማጭበርበር ጠርጥረው ብዙ ካስጨነቋት በኋላ ነው ጥፋቱ የሰዓቱ መሆኑ የታወቀው። የአንዲት ንጹሕ ሠራተኛ ስም በእንዲህ ያለ ነገር መጕደፉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

የስሕተቱ መጠን ግን ልዩ ልዩ ነው፤ የ3 ሰዓት ስሕተት፣ ይኸውም የአዲስ አበባ ሰዓትና የዓለም አቀፉ ሰዓት ሲምታቱ የሚፈጠረው፣ ወይም የእኛና የፈረንጅ አቈጣጠር ሲቀላቀሉ የሚመጣው የ6 ሰዓት ስሕተት፣ ወዲያው ይታያልና ወዲያው ይታረማል። ከ5 ደቂቃ በላይ የሳተውንም ማሽን ኬርቤሮስ የተባለው የመግቢያ ሥርዓት በር ይዘጋበታል። በሁለትና በሦስት ሴኮንድ የሳተውን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ መዝገቡ የነገሮችን ቀዳሚና ተከታይ እያፋለሰ ዓመት ይኖራል።

መድኃኒቱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ሚልስ በ1985 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱን ጽፎ ባወጣው ኤንቲፒ አማካይነት፣ ሰዓት የሚጠይቀው ማሽን ጥያቄው የወጣበትንና የደረሰበትን፣ መልሱ የተነሣበትንና የገባበትን አራቱን ጊዜያት አመዛዝኖ የራሱን ስሕተት ይረዳል። ሒሳቡ መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ይፈጃሉ በሚል እምነት ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ አንዱ መንገድ ከሌላው በ40 ሚሊሴኮንድ ቢረዝም ሰዓቱ በ20 ሚሊሴኮንድ ይስታል፤ ከደሴ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ያለውን ሰርቨር መጠየቅ ይህን አደጋ ያበዛዋል። የጊዜ ምንጮችም በማዕርግ የተደረደሩ ናቸው፤ በላይ የአቶሚክ ሰዓቱና የጂፒኤስ መቀበያው፣ ቀጥሎ ከእነርሱ የሚቀዳው ሰርቨር፣ ከዚያም በታች ከሰርቨሩ የሚቀዱት ማሽኖች። ከአርዲቦ ሞልቶ የተረፈው ውኃ በጅረት ወርዶ ደብረ ሐይቅ ወዳለበት ወደ ሎጎ ሐይቅ እንደሚገባ፣ ጊዜም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች ይወርዳልና፣ የላይኛው በደፈረሰ ጊዜ የታችኛውን ማጥራት አይቻልም።

በእንግዳው ማሽን ውስጥ ይህን የማረም ሥራ ለመሥራት ክሮኒ የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። ክሮኒ ሰዓቱን በድንገት ከመግፋት ይልቅ ጥቂት እያፈጠነ ወይም እያዘገየ ያቀናዋል፤ በአንድ ጊዜ እንዲዘልል ፈቃድ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ሥራ በጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ 3 እርማቶች ብቻ ነው። ለሚያንቀላፋ ማሽን ይህ ገደብ ጕዳት አለው፤ ብዙ ሰዓት ተኝቶ የነቃ እንግዳ ያንን ሁሉ ርቀት በዝግታ ሊደርስበት ሲሞክር እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታልና፣ በማናቸውም ጊዜ እንዲዘልል ገደቡ ሊነሣለት ይገባል። በኬቪኤም ላይ የሚኖር ማሽን ደግሞ የአስተናጋጁን ሰዓት ያለ ኔትወርክ በቀጥታ የሚያነብበት የፒቲፒ መሣሪያ ስላለው፣ አስተናጋጁ በሚገባ የታረመ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከዚህ የቀረበ ምንጭ የለም። በአንድ ማሽን ላይ የአሳዳሪውን ፕሮግራም (የሃይፐርቫይዘሩን) ሰዓት ማስተካከያና ክሮኒን በአንድነት ማሠራት ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ ሰዓቱ ሲዋዥቅ ይኖራል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቨርቹዋል ሳይሆን በእውነተኛ ማሽን ላይ፣ የጂፒኤስ መቀበያውን በጣራው ላይ ተክላችሁ፣ ለቤታችሁ የሚበቃ አንድ የጊዜ ሰርቨር አቁሙ፤ እንግዶቹም ሁሉ ከእርሱ ወይም ከታረመው አስተናጋጃቸው እንዲቀዱ አድርጉ፤ ማሽን ከእንቅልፍ በነቃ ቍጥር ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱ ይመርመር። ይህን ስታደርጉ የቈዩትን ፕሮግራሞችና የመረጃ ቋቶችም አብራችሁ ፈትሹ፤ ሴኮንዱን በ32 ቢት የሚቈጥሩት የቀድሞ ሥርዓቶች ቍጥራቸው 2,147,483,647 ደርሶ የሚያልቀው በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው።