ለጤናችን፦ የትናንቱን ሳታነሱ አትለጥፉ

ከምታስታምሟቸው አዛውንት አንዳንዶቹ አልዛይመር፣ ሌሎቹ ፓርኪንሰን አለባቸው። በሁለቱም በሽታ የመርሳት ችግር ሲመጣ ሐኪም አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ሪቫስቲግሚን ይባላል። በአንጎል ውስጥ ለማስታወስ የሚረዳው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ያግዛል፤ በሽታውን ግን አያድንም። አሜሪካ ለአልዛይመር በ2000፣ ለፓርኪንሰን በ2006 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች።

ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለው። የተለመደው በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል። አዲሱን ከመለጠፋችሁ በፊት የትናንቱን አንሱ፤ ጀርባቸውንም እዩ፣ እዚያ ያለው ይረሳል። በእረፍት ቀናችሁ ማዳም ለጥፋ ሊሆን ይችላልና ጠይቋት። ከተደራረበ ከባድ ትውከት ያመጣል፣ የልብ ምት ያዘገያል፣ የሞቱም አሉ። ተደራርቦ ካገኛችሁ ሁሉንም አንስታችሁ ወዲያው ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ሐኪም ሳይፈቅድ ሌላ አይለጠፍም።